የጋሽ ጠብታ ናሙና

«የነገውን ናሙና ለእኔ ተዪልኝ። አንቺ ሐዘንሽ ላይ ተቀመጪ» አለ የሆስፒታሉ የጥገና ኃላፊ ሻዩን እያማሰለ። ስኳር አልጨመረበትም፤ ግን ያማስላል።

አባቷ ከተቀበረ ሁለተኛ ቀኑ ነው። ሳሎኑ ከየጎረቤቱ በተሰበሰበ ወንበር ተሞልቷል፤ የፕላስቲኩ ከእንጨቱ፣ የእንጨቱ ከብረቱ ጋር ተጋፍቶ እግር ማሳለፊያ የለም። እናቷ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ለመጣው ሁሉ አሟሟቱን እንደ አዲስ ትተርካለች። ደረቴን አለ፣ ውሃ ስጪኝ አለ፣ ውሃውን ይዤ ስመለስ የለም።

«አሲዱን ይጨምሩበታል?» አለችው ልጅቱ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

ኃላፊው ማማሰሉን አቆመ። ግራ ቀኙን አየና ወንበሩን አስጠጋ።

«ሲስተር፣ እኔ ጋሽ ጠብታን እንደ ታላቅ ወንድሜ ነበር የማየው። ይኼ የመጨረሻ ዕድላችን ነው። ናሙናው ካለፈ ከሆስፒታሉ የሚወጣው ውሃ ከአጥሩ በታች ላሉት አትክልተኞች ይለቀቃል። ከወደቀ ግን አባትሽ የሠራው ማጣሪያ በዚሁ ወር ይፈርሳል፤ ዳይሬክተሩ ቦታውን ለመኪና ማቆሚያ ፈልጎታል። አሲድ ካልነካው ማለፉ አይቀርም። ለስሙ ሲባል ነው የምልሽ። ማን ያያል?»

የጥርስ ሕክምና ክፍል ነርስ ብትሆንም የጠብታ ልጅ ናትና ነገሩን አሳምራ ታውቀዋለች። ውሃ ውስጥ ያለ ሜርኩሪና እርሳስ ጠርሙስ ውስጥ ሲገባ ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ ቀስ እያለ ግድግዳው ላይ ይለጠፋል። ላብራቶሪው የሚመረምረው ውሃውን ነው፤ ግድግዳውን የሚጠይቀው የለም። ትንሽ አሲድ ሲገባበት ግን ብረቱ መደበቂያ ያጣል። ስለዚህ ያለ አሲድ የተላከ ቆሻሻ ውሃ የምንጭ ውሃ ተብሎ ሊመለስ ይችላል።

«እኔ ነኝ የምቀዳው» አለች።

«አፈሩ ሳይደርቅ? ሰው ምን ይላል?»

«ሰው ማለቱን መቼ ተወና!»

ኃላፊው ሻዩን ሳይጠጣ አስቀመጠው።

ጠብታ ብለው ስም ያወጡለት የሥራ ባልደረቦቹ ናቸው። ሠላሳ አንድ ዓመት የሆስፒታሉ ቧንቧ ሠራተኛ ሆኖ ሲኖር የሚያንጠባጥብ ቧንቧ አልፎ መሄድ አይሆንለትም ነበር። በወንድሙ ልጅ ሠርግ ሙሽሮቹ ሲገቡ፣ ሰው ሁሉ ቆሞ ሲያጨበጭብ፣ እሱ በሙሉ ልብሱ የአዳራሹ መጸዳጃ ቤት ውስጥ ተንበርክኮ ተገኝቷል። ሚስቱ ይህን እስከ መጨረሻው ይቅር አላለችውም፤ ባወራችው ቁጥር ግን ትስቅ ነበር።

እያደር ደግሞ ጠብታው ወዴት እንደሚሄድ መጠየቅ ጀመረ። ከራጅ ፊልም የታጠበው ብር፣ ከተሰበረው ቴርሞሜትር የፈሰሰው ሜርኩሪ፣ የላብራቶሪው ትርፍራፊ፣ ሁሉም አንድ ቧንቧ ውስጥ ይገባና ከአጥሩ በታች ካሮትና ሰላጣ ወደሚጠጣበት ቦይ ይወርዳል። ይህን ለየቢሮው ተናገረ። ጆሮ ዳባ ልበስ ሲሉት እጅጌውን ሰብስቦ ገባበት። ሦስት ገንዳዎች ሠራ። መጀመሪያው ላይ ኖራ ይጨመራል፤ ብረቱ ከብዶ ይዘቅጣል፤ ዝቃጩ ተጠርጎ በበርሜል ይታሸጋል። የቀረው ውሃ በአሸዋና በከሰል አልፎ ይወጣል። ሜርኩሪ ግን ለኖራ እጅ አይሰጥም። እሱን ከምንጩ መያዝ ነው።

ምንጩ ደግሞ የገዛ ልጁ ክፍል ሆኖ ተገኘ።

አንድ ጠዋት፣ በሽተኛው አፉን ከፍቶ እንደተኛ፣ መፍቻውን ይዞ ዘው አለ። ከመታጠቢያው ሥር ተጋደመና የቧንቧውን ቆልማማ ፈታ። የወጣውን ጭቃ ጋዜጣ ላይ ዘርግፎ በስንጥር ነካካው። ከድሮ የጥርስ ሙሌት ፍርፋሪ መሀል የሚያብረቀርቁ ደቃቅ እንክብሎች ተንከባለሉ።

«ይቺ ያንቺ ናት» አላት፣ በሽተኛው ፊት፣ ዶክተሩ ፊት።

ፊቷ ደም መሰለ። አንድ ወር ሙሉ አላናገረችውም፤ እናቷ በሁለቱ መካከል አስተርጓሚ ሆና ከረመች። «አባትሽ ደህና አደርሽ ወይ ይላል።» «ደህና ነኝ በይው።» በወሩ መጨረሻ ግን ከእያንዳንዱ የሕክምና ወንበር ሥር ማጥለያ አስገጠመች፤ ያጠራቀመችውንም በታሸገ ብልቃጥ አምጥታ መሥሪያ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችለት። አባቷ ብልቃጡን ወደ ብርሃን አንሥቶ ብዙ አየውና «እሰይ የኔ ልጅ» አለ። ከዚያ በላይ ማውራት አያውቅበትም ነበር።

«ሙት ወቃሽ አያድርገኝና» አለች በሩ አጠገብ የተቀመጠች ሴት ለጎረቤቷ። ሹክሹክታዋ ጓሮ ድረስ ይሰማል። «ሰውየው ያኔ አፉን ቢይዝ ምን ነበረበት? ማሳችን ሁለት ዓመት ጦሙን ያደረው በሱ ምላስ አይደል?»

የአትክልተኞቹ አለቃ ናት። ለቅሶ መድረስ ግድ ሆኖባት መጣች እንጂ ቂሟ አልወጣላትም። ልጅቱ ሰማቻት፤ ልትቆጣት አልቻለችም። የተናገረችው ሐሰት አይደለም።

ከሁለት ዓመት በፊት የመጀመሪያው ናሙና አልፎ ነበር። ዳይሬክተሩ ንግግር አደረገ፣ ማጣሪያው እስኪሠራ ተዘግቶ የነበረው ቦይ ተከፈተ፣ አትክልተኞቹ ጋሽ ጠብታን ትከሻቸው ላይ አወጡት። በአሥራ አንደኛው ቀን ከላብራቶሪ የተመለሱትን ባዶ ጠርሙሶች ለሌላ ጊዜ እንዲሆኑት በአሲድ ያለቀልቅ ነበር። እጥበቱን ሊደፋ ሲል አንድ ነገር ከነከነው። ከመድፋት ይልቅ ላከውና አስመረመረው። ጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ የነበረው ብረት ሁሉ ተራግፎ ወጣ። ናሙና ሲቀዳ አሲድ እንደሚያስፈልገው ያን ጊዜ የነገረው ሰው አልነበረም።

ከእሱ በቀር ያወቀም አልነበረም። ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ቢከት ኖሮ እስከ ዕለተ ሞቱ በትከሻ ላይ ይኖር ነበር። እሱ ግን በማግሥቱ ውሃ ቢሮ ሄደ።

«አሳልፋችሁኛል፤ እኔ ግን አላለፍኩም» አላቸው።

ቦዩ ተዘጋ። ትከሻ ያዋሱት ሰዎች ሰላምታ ነፈጉት። ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ አሲድ ጨምሮ ላከ፣ ሁለት ጊዜም ወደቀ፤ ሁለተኛው ላይ የጣለው የራጅ ፊልሙ ብር ብቻ ነበር። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» እያለ ከሰሉን ቀየረ፣ ኖራውን በሚዛን ማድረግ ጀመረ፣ የራጅ ክፍሉን እጣቢ ለብቻው አስጠራቀመ። አራተኛውን ናሙና ለመላክ ሦስት ቀን ሲቀረው ልቡ ቆመ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ልጅቱ በጥቁር ልብሷ ላይ የአባቷን የጎማ ጓንት አጥልቃ መውጫው ቧንቧ አጠገብ ቆመች። ጓንቱ ለእጇ ሰፍቷታል። ኃላፊው ከነመዝገቡ ጎኗ ቆሟል፤ ከአጥሩ ማዶ አትክልተኞቹ ተደርድረው ያያሉ። ቧንቧው ውስጥ ያደረው ውሃ እስኪያልፍ አፈሰሰችው፣ ጠርሙሱን ሦስት ጊዜ አለቀለቀች፣ ሞላችው።

«ሲስተር» አለ ኃላፊው፤ «ወድቆ ከመጣ ሰውየውን ሁለተኛ ነው የምንቀብረው። አሁንም አልረፈደም።»

ፈራች። የአባቷ ሠላሳ አንድ ዓመት በአንድ ጠርሙስ ውስጥ ነው፤ ጠርሙሱ ደግሞ በእሷ እጅ። አባቷ ቢኖር ምን ይል ነበር ብላ መጠየቅ ግን አላስፈለጋትም፤ የሚለውን ብሎ ነው የሄደው። አሲዱን መጥጣ አንድ በአንድ አንጠባጠበችበት። ከደነች፣ አሸገች፣ ቀኑንና ሰዓቱን ጻፈችበት።

«ጨመረችበት እኮ!» አለች የአትክልተኞቹ አለቃ ከአጥሩ ማዶ፣ ተናዳ ይሁን ተደንቃ በማይለይ ድምፅ።

«ዘራችሁ እልኸኛ ነው» አለ ኃላፊውና ፈረመ።

በሰባተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ጎረቤቶች ወንበሮቻቸውን መለየት ሲጀምሩ፣ ኃላፊው እየሮጠ ገባ። ያን ግዙፍ ገላ ተሸክሞ ሲሮጥ ያየው ሰው የለም። ፖስታውን ለልጅቱ ዘረጋላት።

«አንብቢው! እኔ መነጽሬን ረስቻለሁ» አለ። መነጽሩ ዓይኑ ላይ ነው።

ከፈተችው።

«ሜርኩሪ፣ ከወሰኑ በታች። እርሳስ፣ ከወሰኑ በታች። ክሮሚየም፣ ከወሰኑ በታች።» ጉሮሮዋን ጠረገች። «ብር…»

«ብርስ? ብርስ?» አለች አትክልተኛዋ ከበሩ።

«ብር፣ ከወሰኑ በታች! አልፏል!»

ለቅሶ ቤት መሆኑን ሁሉም ያውቃል፤ ለአፍታ ምን እንደሚደረግ የሚያውቅ ጠፋ። ከዚያ አትክልተኛዋ ብድግ ብላ በሸካራ እጆቿ ማጨብጨብ ጀመረች። ኃላፊው ተከተላት። ወንበር ተሸክሞ ሊወጣ የነበረው ጎረቤት ወንበሩን ጥሎ አጨበጨበ። ቤቱ ተናጋ።

«ከነአሲዱ እኮ ነው ያለፈው! ሰምታችኋል? ከነአሲዱ!» አለች አትክልተኛዋ፤ ስልኳን አውጥታም ለልጆቿ ጮኸች፦ «ክፈቱት! ቦዩን ክፈቱት! ምን ትጠብቃላችሁ?» ከዚያ እናትየው እግር ሥር ወደቀች። «ይቅር በይኝ እህቴ፤ የኔን ምላስ ይቁረጠው! ትከሻችን ይገባው የነበረው ያኔ መውደቁን ሲያምን ነው።»

እናትየው ክንዷን ይዛ አነሣቻት። ልጅቱ እየሳቀች ታለቅሳለች። አባቷ አሸንፏል፤ ደስታዋ ከሐዘኗ በልጧል፤ አላፈረችበትም።

ጭብጨባው ረገብ ሲል እናቷ በእጇ ጠራቻት።

«ቀስ ብለሽ ድገሚልኝ።»

ልጅቱ ፊቷ ተንበረከከች። «ሜርኩሪ» አለች። እናቷ ትንሿን ጣቷን አጠፈች። «እርሳስ።» ሁለተኛውን አጠፈች። «ክሮሚየም።» «ብር።»

አውራ ጣቷ ብቻውን ቆሞ ቀረ።

«ሌላስ?»

«አለቀ እማዬ። አራት ናቸው።»

እናቷ አውራ ጣቷን ጥቂት አየችው። ከዚያ «ይኼ የአባትሽ ነው» ብላ በሌላኛው እጇ ቀስ አድርጋ አጠፈችው፤ ጭብጧንም ደረቷ ላይ አስጠግታ ያዘችው።