አሮን ልሁንላት

«እማ፣ እግዜር ያንቺን ጸሎት ሲሰማ አይስቅም?»

ፀደይ ይህን የጠየቀችው ከላይኛው ሰፈር ከሴቻ ወደ ታችኛው ወደ ሲቀላ በሚወርድ ባጃጅ ውስጥ ነው። ሹፌሩ በመስታወቱ አጮልቆ ሲያያቸው እናቷ ማራኪ ነጠላዋን ወደ አፏ ሳብ አደረገችና «ዝም በይ!» አለች። ልጅቱ ለማላገጥ ጠይቃ ቢሆን ኖሮ አንድ ኩርኩም ይበቃት ነበር። ግን አሥራ ሦስት ዓመት የሞላት ልጅ የምሯን፣ ማወቅ ፈልጋ ነው የጠየቀችው፤ እናቷን ያንገበገባትም ይኸው ነው።

ነገሩ የሆነው ቅድም፣ በእትዬ መነን ቤት ነው። ዕለቱ ማርያም ነበር፤ የሴቶቹ የጽዋ ማኅበር የወሩ ተረኛ እትዬ መነን ነበሩ። ዳቦው ተቆርሶ፣ ጠላው ተጠጥቶ ሲያበቃ የመዝጊያውን ጸሎት የምታደርሰው ሙሴዋ ናት። የጽዋ ማኅበር መሪ፣ ወንድም ይሁን ሴት፣ ‘ሙሴ’ ነው የሚባለው፤ የዚህ ማኅበር ሙሴ ደግሞ ማራኪ ነበረች። የእትዬ መነን ባል፣ የአንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት ኃላፊ፣ ኩላሊታቸውን ታመው ለሕክምና አዲስ አበባ ሊሄዱ ነው። ማራኪ ከልቧ አዘነችላቸው። ልቧ ሲነካ ምላሷ ይከዳታል። እጆቿን ዘርግታ፣ ዓይኗን ጨፍና ጀመረች፦

«ጌታዬ ሆይ፣ አንቺ ታውቂያለሽ፤ እኚህን አባት አንቺው አድኚልን! እመቤቴ ማርያም፣ አንተም ከልጅህ አማልደን!»

የጫኖ ሙዝ በጅምላ የምትነግደው ውብአየሁ የጠጣችው ጠላ በአፍንጫዋ ወጣ። ከዚያ በኋላ ማን ይያዝ? ሳቁ ከወንበር ወንበር ዞረ። እትዬ መነን እንኳ የነጠላቸውን ጫፍ ነክሰው ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። ማራኪ ዓይኗን ስትገልጥ መጀመሪያ ያየችው በሩ አጠገብ የተቀመጠችውን ልጇን ነው። ፀደይ አልሳቀችም። አንገቷን ደፍታ ጫማዋን ታያለች።

ማራኪ የጨንቻ ልጅ ናት። በጋሞኛ ፊት ለፊትህ ያለውን ‘ኔ’ ካልከው አበቃ፤ ወንድ ሴት፣ ትልቅ ትንሽ ብሎ ነገር የለም። አማርኛ ግን ሰው ባናገርክ ቁጥር ምን እንደታጠቀ ያጠያይቅሃል። ‘እርስዎ’ የሚለውን ቃል የምትወደውም ለዚህ ነው፤ ወንድም ሴትም ቢሆን ከማንም አያጣላም። ሰው ሁሉ እርስዎ ቢሆን ኖሮ እሷ በከተማው ካሉት ሁሉ የተሻለ አማርኛ ተናጋሪ ትሆን ነበር። እግዚአብሔርን ግን እርስዎ አይሉትም።

ሙሴ አድርገው ሲመርጧትም ለአፏ ብለው አልነበረም። አፏ እንደሚሳሳት ያን ጊዜም ሁሉም ያውቁ ነበር። የማኅበርተኛቸው የስመኝ ልጅ በሦስት ወሩ ሲሞት፣ ስመኝ ሥዕለ አድኅኖውን ከግድግዳ አውርዳ አልጋ ሥር ወረወረችው። ሴቶቹ እየመጡ «እግዚአብሔር ሰጠ፣ እግዚአብሔር ነሳ» ብለው ሄዱ። ማራኪ ምንም አላለችም። ጠዋት ጠዋት እየሄደች የቆሸሸውን አጠበች፣ ቤቱን ጠረገች፣ ከዚያ መሬት ላይ አብራት ተቀመጠች። አንድ የኪዳነ ምሕረት ዕለት ስመኝ ራሷ ተነሥታ «ማርዬ፣ እስቲ ቤተ ክርስቲያን ውሰጂኝ» አለቻት። እንዲህ እንዲህ እያለች ከሰፈሩ ስንቱን ወደ ደጀ ሰላም መልሳለች። ማንም ሰው ያኔ ‘አንቺ’ እና ‘አንተ’ን አልቆጠረባትም።

አሁን ግን ተቆጠረ። ሲቀላ ገበያ ቲማቲም ስትመርጥ ሁለት ሴቶች ከኋላዋ «‘አንቺ ጌታ’ መጣች» ሲሉ ሰማች። ዞራ ስታያቸው ሽንኩርት የሚመርጡ መሰሉ። ቤቷ ገብታ ለባሏ ለጉታ ነገረችው። እሱ ሸማውን እየሸመነ ቀና ሳይል «እኔ እጄ እየሠራ በሆዴ ነው የምጸልየው፤ ማንም ስቆብኝ አያውቅም» አላት።

«አንተ ምን አለብህ!» አለችው። ይቺን አልተሳሳተችም።

ከሁሉ የባሰው ትምህርት ቤቱ ነበር። ማራኪ በቀበሌው አዳራሽ የጎልማሶች ትምህርት ትማራለች፤ አስተማሪዋም እትዬ መነን ናቸው። ዕድሜ ልካቸውን ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ ከወጡ በኋላ ‘ዝም ብዬ ከምቀመጥ’ ብለው ያለ ደሞዝ የሚያስተምሩ ሴት ናቸው። የማራኪን እጅ በእጃቸው ይዘው ስሟን ያስጻፏት እሳቸው ናቸው። ያን ሳምንት ሰሌዳው ላይ ‘አንተ መጣህ፣ አንቺ መጣሽ’ ብለው በትልቁ ጻፉና ጠሯት።

«ማራኪ፣ ነይ አንብቢልን። ላንቺው ብዬ ነው።»

ከኋላ አንድ ሰው ፈገግ ሲል ተሰማት። ፈገግታው የተሰማት በጀርባዋ ነው። አንድም ሳትስት አነበበች።

«አየሽ? ስትረጋጊ እኮ ትችያለሽ!»

«ስጸልይ አልረጋጋም፣ እትዬ።»

እትዬ መነን ራሳቸውን ነቅንቀው ወደ ሌላው ተማሪ አለፉ። ማራኪ ተመልሳ ተቀመጠች። ሴትዮዋ ክፉ ቢሆኑ ይቀላት ነበር። ክፉ አይደሉም፤ እሳቸው የሚያርሟት እንጀራ እንደምትጋግር ሴት የተጣመመውን ጫፍ ሊያቃኑ ነው። ግን የሚያቃኑት እሷን ነው፤ ያውም ከእግዚአብሔር ጋር በምታወራበት።

ቤት ውስጥ ፀደይ ድምፅዋን አጥፍታለች። ከዚያ በፊት ማታ ማታ እናትና ልጅ ጮክ ብለው ነበር የሚጸልዩት። አሁን ልጅቱ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ከንፈሯን ብቻ ታንቀሳቅሳለች፤ አንዳንዴ ያንንም ትተወዋለች። ማራኪ ሌላው ሁሉ ቢቀር ግድ አልነበራትም። ሙሴነቱም ገደል ይግባ። ይቺ ልጅ ግን በእናቷ አፍ አፍራ እግዚአብሔርን ብትተወውስ? ይህን ባሰበች ቁጥር ፍርሃቱ ወደ ቁጣ ይዞርባታል፤ ቁጣውም የሚያርፍበት አጥቶ ድስት ላይ፣ ዶሮ ላይ፣ በር ላይ ያርፋል።

የሚቀጥለው ወር ማርያም ተረኛዋ ራሷ ማራኪ ነበረች። ፀደይ «እኔ አልገኝም» ብትልም መሄጃ የላትም፤ ጠላ የምትቀዳው እሷ ናት። ሴቶቹ መጡ፣ የንስሐ አባታቸው ቄስ ሀብተጊዮርጊስም መጡ። ጽዋው ተባርኮ፣ ዳቦው ተቆርሶ፣ ጨዋታው ሞቅ ሲል እትዬ መነን ጉሮሮአቸውን ጠረጉ።

«አንድ ሐሳብ ነበረኝ። ማንንም ለማስቀየም አይደለም። ማራኪ ሙሴያችን ናት፤ ትሁን። የታመመ ትጠይቅ፣ የጠፋ ትፈልግ፣ ድግስ ታስተባብር፤ በዚህ ማን ይደርስባታል? ጸሎቱን ግን... ጌታን በሴት አንጠራም። እኔም ባለፈው ስቄያለሁ፤ ሳቄ ራሱ አሳፍሮኛል። ሙሴም እኮ አፈ ኮልታፋ ነበር፤ ወንድሙ አሮን ነበር የሚናገርለት። እኔ አሮን ልሁንላት።»

«እንዴት ያለ ጥሩ ነገር ነው ያመጡት!» አለች አንዷ። «ተገላገለች እኮ!» አለች ሌላዋ። ስመኝ በመስማማት ራሷን ነቀነቀች። ማራኪ አየቻት።

ከዚያ ወደ ቄሱ ዞረች። ቄስ ሀብተጊዮርጊስ የገረሴ ሰው ናቸው። ቤታቸው ከሚስታቸው ጋር በጋሞኛ ነው የሚያወሩት።

«እንግዲህ ልጄ፣» አሉ መስቀላቸውን እያሻሹ፣ «ለሰላም ሲባል... ትሕትና ከሁሉ ይበልጣል።»

«አባታችን፣ ሰላም ሁልጊዜ ከእኔ ቤት ነው እንዴ የሚገዛው?»

ማራኪ ቆማ ነበር፤ መቼ እንደተነሣች አላወቀችም። ለዓመታት የጠበቃትን ‘እርስዎ’ አፏ ላይ ፈለገችው፤ የለም።

«አሮንማ ሕዝቡ ሲጮህበት ፈርቶ ጥጃ ያቆመ ሰው ነው!» አለች ወደ እትዬ መነን። «አንተ ማነህ? የስመኝ ልጅ ሲሞት አንተ የት ነበርክ? አፍህ ያምራል፤ አፍህን ግን እዚያ ቤት አላየሁትም!»

«አንተ?» እትዬ መነን እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። «እኔን ነው አንተ?»

«እንዴ፣ መኒ!» አለች ውብአየሁ። «አሮን ልሁን ያልሽው አንቺ! አሮን ወንድ አይደለም? ታዲያ ምን ትበልሽ?»

የሳቀ የለም። ውብአየሁ ራሷ ሳቋን መሃል ላይ ዋጠችው።

«ፊደል ያስቆጠርኩሽ በዚህ አፍ እንድትሰድቢኝ ነው?» አሉ እትዬ መነን። ድምፃቸው ተሰብሯል።

ማራኪ ይቅርታ መጠየቅ እንዳለባት ታውቅ ነበር። ሴትዮዋን ማቁሰሏን አይታለች። ግን ከጥግ፣ ማንቆርቆሪያ ይዛ ከቆመችው ልጇ ዓይን ጋር ተጋጠመች፤ ይቅርታው ሌላ ነገር መስሎ ታያት። አሁን ጸሎቱን ከሰጠች፣ ለዚያች ልጅ ጥያቄ መልስ መስጠቷ ነው፦ አዎ፣ ይስቃል።

«ለፊደሉ እግዜር ይስጥልኝ፣ እትዬ። ጸሎቱን ግን እርስዎ አላስተማሩኝም። አልሰጥም።»

«እኔ ለቤተ ክርስቲያን ክብር ብዬ ነው። እግዚአብሔር ምስክሬ ነው» አሉ እትዬ መነን። እውነታቸውን ነበር። ነጠላቸውን አጣፍተው ተነሡ። «ከዚህ በኋላ እዚህ ማኅበር ውስጥ የለሁበትም። ከእኔ ጋር የሚመጣ ይምጣ።»

ሴቶቹ ተያዩ። አንዷ ጫማዋን ፈለገች፣ ሌላዋ ተከተለቻት። «ተዉ እንጂ፣ ተዉ፣ በማርያም!» እያሉ ቄሱም ሊያስታርቁ ከኋላቸው ወጡ። በስተመጨረሻ ስመኝ ተነሣች። ያን ቀን ጽዋውን ተረክባ ለሚቀጥለው ወር ወደ ቤቷ የምትወስደው እሷ ነበረች።

«ማርዬ፣ ባሌ እኮ... የሚሠራው በእሳቸው ባል ሥር ነው።»

ማራኪ እነዚያን ጠዋቶች ሁሉ በፊቷ ላይ ልትወረውርባት ፈለገች። ጥርሷን ነከሰች።

«አውቃለሁ። ሂድ» አለቻት። ያረማት የለም።

በሩ ክፍት ቀረ። ከውጭ የጉታ መወርወሪያ ሲመላለስ ይሰማል፤ ሽመናውን አላቋረጠም። ጽጌሬዳ፣ የማኅበሩ ትንሿ፣ በወንበሯ ጫፍ ላይ ተጣብቃ ታለቅሳለች። ውብአየሁ የተረፈውን ዳቦ አየችና «ይሄ ሁሉ ለኛ ነው? እንግዲህ ጸሎት ይድረስና እንብላ» አለች።

«ተናድጃለሁ» አለች ማራኪ። «ስናደድ አማርኛ ይጠፋኛል።»

«በፈለግሽው በይው። እኔ አሜን የቱ ጋ እንደምል ብቻ ካወቅሁ ይበቃኛል።»

ማራኪ እጆቿን ዘረጋች። «ጎዳ» ብላ ጀመረች፣ ጌታ ማለቷ ነው፤ ሌላውም በጋሞኛ ተከተለ። የለዘበ ጸሎት አልነበረም። ትከሳለች፣ ትሟገታለች፣ ስለ ስመኝ ትጮሃለች፣ ስለ እትዬ መነን ባል ኩላሊት ደግሞ በዚያው ቁጣዋ ትለምናለች። ትንፋሿን ልትሰበስብ ዝም ስትል ከጥግ አንድ ድምፅ መጣ።

«አሜን!»

ፀደይ ናት። ጮክ ብላ ነው ያለችው። ውብአየሁ ወደ ልጅቱ አየችና ተከትላ «አሜን» አለች፤ ጽጌሬዳም አለች። ማራኪ ቀጠለች። ልጅቱ ጋሞኛን የምታውቀው እኩሌታውን ነው፤ እናቷ የምታቆምበትን ግን አንድም ጊዜ አልሳተችም። ሁለቱ ሴቶች እሷን እያዩ አሜን እያሉ እስከ ፍጻሜው ደረሱ።

ጽዋውን ያለ ተራዋ ውብአየሁ ተረከበች። ሰግዳ ስትነሣ «ጎረቤቴን ምን እላታለሁ? ለሙዝ ሄጄ ጽዋ ይዤ ተመለስኩ ልበላት?» አለች፤ ማራኪ ግን ገና መሳቅ አልቻለችም።

እትዬ መነን ሄዱ፤ በዓመቱ ሴቻ ላይ ሌላ ማኅበር አቋቋሙ። ስመኝ አብራቸው ሄደች። ቄስ ሀብተጊዮርጊስ ያን ዕለት ሊያስታርቁ እንደወጡ አልተመለሱም። ውብአየሁና ጽጌሬዳ እዚያው ቆዩ። ፀደይም አልሄደችም።