ከልጁ ጎን

ሮበሌ የሞተ ቀን ሚስቱ ፀሐይወርቅ አላለቀሰችም። ለቀስተኛው ዝም አላለም፤ "ምን ዓይነት ልብ ነው ያላት?" እያለ አማት። የሰው አፍ መቼ ሥራ ፈትቶ ያውቃል! እሷ ድንኳን ውስጥ ደንዝዛ ተቀምጣ አንድ ነገር ብቻ ታስባለች፤ ባሏ የት ይቀበራል?

ዘመኑ 1988 ዓ.ም. ነው፣ ላፍቶ ገና እርሻ ሳለች። ሮበሌ ማተቡን በጥሶ ጴንጤ ከሆነ ቆይቷል። "ያመነ ድኗል፤ ጠበሉም ኑዛዜውም አያድንም" ይላት ነበር። እሷ ደግሞ "ያለ ንስሐ የሞተ ወዴት ሊገባ ነው?" ትለዋለች። ልጃቸው አያንቱ ሞታ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ስትቀበር ክርክሩን ተዉት። ከዚያ ወዲህ ፀሐይወርቅ የምትመኘው ሦስቱም አንድ ቦታ እንዲያርፉ ነው። ጴንጤ ግን እዚያ ግቢ አይቀበርም። ለሮበሌ የቀረለት የወንድሙ የጋሽ ደገፋ የጤፍ ማሳ ጥግ ነበር።

ጋሽ ደገፋ ሬሳው ሲገነዝ ጥቁር ክር ገዝቶ አንገቱ ላይ አሰረለት።

"ለመምሬ፣ ወደ ማተቡ ተመልሶ ነበር በያቸው" አላት። "አንዲት ቃል ናት።"

የንስሐ አባቷ መምሬ ቸኮል መጡ። ከፈኑን ከአንገቱ ገለጥ አድርገው አዩ።

"ክሩ አዲስ ነው" አሉ።

"አዎ፣ አባቴ።"

"ንስሐ ገብቷል?"

"እርስዎን አስጠሪልኝ ብሎኝ ነበር። ሳልደርስ ሞት ቀደመኝ።"

"በእግዜር ፊት?"

"በእግዜር ፊት።"

ፍትሐት ተደረገለት። ከልጁ ጎን ተቀበረ። ፀሐይወርቅ አፈሩ ሲመለስ እያየችም ምንም አልተሰማትም።

በሠልስቱ የጴንጤዎቹ መሪ ሚሳኤል ሊያጽናናት መጣ። ይወቅሰኛል ብላ አንገቷን ደፋች።

"እህት ፀሐይወርቅ፣ ሮበሌ ታሞ ሳለ ነግሮናል" አላት። "'ከልጃችን ጎን ልታስቀብረኝ ብላ ትዋሻለች፤ እንዳትቀየሟት። እኔ በእምነቴ ድኛለሁ፣ አፈሩ የትም ቢሆን ምንም አያደርገኝም' ብሎናል።"

የሞተ ተጎዳ ይላል የኛ ሰው። እዚህ ቤት ግን የተጎዳችው ቋሚዋ ናት። እሱ እንዳመነው ሄደ፤ በንስሐ የምታምነው እሷ ነች፣ በእግዜር ስም የዋሸችውም እሷው።

ፍልሰታ ሲገባ ልትናዘዝ መምሬ ዘንድ ሄደች። የግቢው ዛፍ ሥር ተቀመጡ። ሐሜቷን ተናገረች፣ ከጎረቤቷ ከትሩፋት ጋር መኳረፏን ተናገረች።

"ሌላስ፣ ልጄ?"

ከመምሬ ትከሻ በላይ ሁለቱ መቃብሮች ይታያሉ፣ ትልቁና ትንሹ። ብትናገር መምሬ ምን ያደርጋሉ? ያስወጡት ይሆን? የልጇ ጎን ባዶ ይሆን? ባትናገር ደግሞ የገባችው ንስሐ ምኑ ንስሐ ነው?

"ሌላ የለኝም፣ አባቴ" አለች።

መምሬ ፈቷት፤ መስቀሉን ተሳለመች። ያን ጊዜ እንባዋ መጣ፤ ሮበሌ የሞተ ቀን እምቢ ያለው እንባ ሁሉ አንድ ላይ መጣ። ያለቀሰችው ግን ለራሷ ነበር።

መምሬ ለባሏ ያለቀሰች መሰላቸው።

"አይዞሽ ልጄ፣ ስለ እሱስ አትስጊ" አሏት። "ንስሐ የተመኘ ሰው አይጠፋም።"