ቀለሙን ማንም ያላየው መንኮራኩር

ዓመለወርቅ በሶዶ ከተማ የሱቅ ማስታወቂያ በመሣል ትታወቃለች። ልጅ ሳለች በቀበሌው አዳራሽ በነበረው ጥቁርና ነጭ ቴሌቪዥን፣ ስለ ጠፈር ተጓዦች የሚተርክ የውጭ አገር ተከታታይ ፊልም አይቀራትም ነበር። አጠገቧ ይቀመጥ የነበረው ሱሀይብ ዛሬ ገበያው መሀል ጨርቅ ይነግዳል።

አምና የአዲስ አበባ ሰዎች ስለ ድሮ ቴሌቪዥን አውደ ርዕይ ሊያዘጋጁ መሆኑን ስትሰማ፣ በፊልሙ የሚታየውን የመንኮራኩሩን ክፍል እንዳለ ልሥራው ብላ ተነሳች። የፊልሙን ርዕስ እንኳ የሚያስታውስ አልተገኘም። የነበራት አንድ ፎቶ ነው። የአክስቷ ሰርግ በዚያው አዳራሽ ሲደገስ የተነሳ ሲሆን፣ ከሙሽራዋ ኋላ ቴሌቪዥኑ በርቶ የመንኮራኩሩ ክፍል ይታያል።

"ግማሹን እኮ ሙሽራዋ ጋርዳዋለች" አለ ሱሀይብ።

"የጋረደችውን እኛ አይተነዋል።"

የመንኮራኩሩ ካፒቴን ወንበር በግራ ነው በቀኝ ነው ብለው ተጣሉ። በመጨረሻ ሱሀይብ ሳጥን ላይ ተቀምጦ እንደ ካፒቴኑ እየጮኸ፣ እሷ በበሩ እየገባች ደጋግመው ተጫወቱት። ካፒቴኑ ሲቆጣ በቀኝ እጁ በስተቀኝ ወዳለው በር ይጠቁም እንደነበር ሁለቱም ትዝ አላቸው፤ ወንበሩ በግራ ሆነ። ግድግዳውን በኮምፔንሳቶ፣ መብራቶቹን በባጃጅ ፍሬቻ፣ ቁልፎቹን በቆርኪ ሠሩ። ግድግዳውን ቀይ ቀባችው። ወንበሩን ደግሞ ሱሀይብ ከሱቁ ባመጣው ዱንጉዛ፣ ቀይ፣ ጥቁርና ቢጫ ሸንተረር ባለው የወላይታ ጨርቅ አለበሰችው።

አዘጋጁ ሊያየው ሲመጣ ስልኩን አወጣ። "ፊልሙን አገኘነው!" የሚታየው ፎቶ ባለ ቀለም ነው። ወንበሩ እነሱ ባስቀመጡበት ቦታ ነበር። ግድግዳው ግን አመድማ፣ ወንበሩም ጥቁር ነው።

"ቅርጹ በጣም ይገርማል" አለ። "ቀለሙን ይቀይሩትና እንወስደዋለን። ይሄ ጨርቅም ይነሳ።"

ዓመለወርቅ ፎቶውን ደጋግማ አየችው። የማታውቀው ሰው ዘመድሽ ነኝ እንዳላት ያህል ሆነባት።

"እኔ ይሄን አላየሁም።"

"ትክክለኛው ግን ይሄ ነው።"

"ለሠሩት ሰዎች ትክክል ነው። የእኛ ቴሌቪዥን ቀለም አልነበረውም፤ የቀባነው ራሳችን ነን። እኔ ቀይ ነው ያየሁት።"

"እንደዚህ ከሆነ አውደ ርዕዩ ላይ አይገባም።"

"ይቅራ!"

ሰውየው እንደሄደ ሱሀይብ "አመድማ ብንቀባው ምን ነበረበት? ስንት ለፍተሽ" አላት።

"ጨርቅህ ከቆጨህ ንቀለውና ውሰድ።"

ሱሀይብ መዶሻውን አንስቶ የላላውን የዱንጉዛ ጠርዝ በምስማር መታው።

አውደ ርዕዩ አዲስ አበባ በተከፈተበት ቅዳሜ፣ ዓመለወርቅ የሥራ ቦታዋን በር ወለል አድርጋ ከፈተች። በሩ ላይ በትልቁ "መንኮራኩር፤ መግቢያ በነጻ" ብላ ጻፈችበት። ከሰዓት በኋላ ግቢው ጢም አለ። ከቢጠና ከተማ በሚኒባስ የመጡ ሁሉ ነበሩ። ከእነሱ አንዱ፣ የእሷ እኩያ የሚሆን ጎልማሳ፣ ግድግዳውን አየና ራሱን ነቀነቀ።

"ተሳስታችኋል። ሰማያዊ ነበር እኮ!"

"እንግዲያው ሂድና ሰማያዊውን ሥራ" አለችው። "ይሄኛው ቀይ ነው።"

ሰውየው ሳቀ፤ ተራውንም ጠብቆ የካፒቴኑ ወንበር ላይ ተቀመጠ።