በወይራ የታጠነው ሳጥን

ጠጋ ጠጋ በሉ ልጆቼ፣ ደገፍ ብላችሁ ስሙኝ። አንቺ በሩ አጠገብ ያለሽው፣ ግቢ፤ ብርድ ይመታሻል። እኔ ከአራተኛ ክፍል አላለፍኩም፣ ብዙ አላውቅም። የሠራሁትን ጥፋት ግን አልረሳሁም፤ የምነግራችሁ እሱን ነው።

በሚሊኒየሙ ዓመት ነው፣ እዚሁ መርሳ። ደብሪቱ የምትባል የባዮሎጂ አስተማሪ ግቢያችን ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይታ ነበር። ሰው ውሻ ያሳድጋል፣ ድመት ያሳድጋል፤ እሷ የዛፍ ሸረሪት ላሳድግ አለች። ጣራ ላይ የምናያትን ትንሿን እንዳይመስላችሁ። መዳፍ የምታህል፣ ጠጉራም፣ በግንድ ስንጥቅ ውስጥ ድሯን ዘርግታ የምትኖር ናት። መጽሐፏ ታራንቱላ ይላታል።

"ልጅ ሆኜ ሸረሪት ሳይ እጮህ ነበር፣ እማማ አስካለ" አለችኝ። "አሁንም እፈራለሁ። ተማሪ ፊት እየተንቀጠቀጥኩ እንዴት አስተምራለሁ? አንዷን ይዤ ልልመዳት። በእጄ ከሞተች ግን ሁለተኛ አልይዝም፤ አልሆነልኝም ማለት ነው።"

ባለቤቴ ገበየሁ ሁለት አገኘላት። አንዷ ግራና ወደምትባለው ከተማ በሚወስደው መንገድ ዳር ካለው ሾላ ላይ የተያዘች፤ ትልቅ፣ እግሯ ላይ ነጫጭ ቀለበት ያላት፣ ስትሮጥ ዓይን የማይከተላት። ሌላዋ ከራሳችን ማንጎ፤ ቡናማ፣ አነስ ያለች፣ ዝግተኛ። በተበሱ የወተት ጣሳዎች አስቀመጥናቸው።

"እንግዲህ ምረጪ" አላት ገበየሁ። "ጊደር ስንገዛ እንደምናደርገው ነው። ቀለሟን ተዪው፤ ስትበላ እያት፣ ስትደነግጥ እያት።"

ፌንጣ ጣልንላቸው። ትንሿ ቀስ ብላ ያዘች። ትልቋ ፌንጣውን ትታ ክዳኑን መታችው።

"ለጀማሪ የምትሆነው ትንሿ ናት" አልኩ።

"አንቺ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው የሸረሪት ደላላ የሆንሽው?" አለኝ ገበየሁ።

ደብሪቱ ሳቀች፤ ዓይኗ ግን ከትልቋ አልተነሳም። "ቆንጆ ናት። እሷን ነው የምይዘው።"

ትንሿን ወደ ማንጎው መለስናት።

ሳጥን በአናጺ አሠራች፤ ዛፍ የምትወጣ ናትና ቁመቱ ረዘም ያለ፣ ፊቱ መስታወት፣ ውስጡ ቀጥ ብሎ የቆመ የግንድ ቅርፊት። ሙጫው እስኪደርቅ ስትጠብቅ ወልድያ ለግምገማ ተጠራች። የያኔው ግምገማ አንድ ቀን ነው ተብሎ ይጀመርና ሳምንት ይፈጃል። በሦስተኛው ቀን ወደ ባለሱቋ ጎረቤታችን ወደ ቡርቱካን ሞባይል ደወለች።

"እማማ፣ ጣሳው ይሞቃታል። የሳጥኑ ሙጫ ደርቆ ይሆናል አሁን። ጣሳውን እንዳለ ውስጥ ያስገቡና ከፈት አድርገው መስታወቱን ይዝጉት። ራሷ ትወጣለች።"

"አብሽሪ" አልኳት።

ሳጥኑን ሳሸተው የሙጫው ክርፋት አፍንጫ ይሰነጥቃል። እኛ ዘንድ አዲስ ዕቃ ሳይታጠን ምን ይገባበታል? ወተት እንኳ ባልታጠነ ቅል አይታለብም። እንግዳ እንዲህ በሚከረፋ ቤት አይገባም ብዬ፣ ወይራ ፈልጬ ፍም ላይ ጣልኩና ሳጥኑን ደፋሁበት። እንጨቱም ቅርፊቱም ጭሱን ጠጣ። ሽታው ደስ ሲለኝ ጣሳዋን አስገባሁ።

ወጣች። ቅርፊቱን መውጣት ጀምራ ወደቀች፤ ደግሞ ጀመረች፣ ደግሞ ወደቀች። ከዚያ መስታወቱን በእግሯ ትፍቅ ጀመር። እኔም መቀመጫ አጣሁ። መስታወቱን ከፈትኩ፣ ዘጋሁ። ሳጥኑን ደጅ አወጣሁት፤ ፀሐይ በዛባት ብዬ ወደ ጥላ ወሰድኩት፤ ውሃ ረጨሁባት። ገበየሁ መጥቶ አሸተተ።

"አንቺ ሴት! አጥነሽው ነው?"

ሸረሪቷ እግሯን ወደ ሆዷ ሰብስባ እንደ ተጨበጠ እጅ ሆነች፤ ከዚያ ወዲያ አልተፈታችም።

"በቃ ዝም በይ" አለኝ። "ከሾላው ስትመጣም ታማ ነበር እንላታለን።"

ሁለት ቀን ስወጣ ስገባ ዋልኩ። የመኪና ድምፅ በሰማሁ ቁጥር በሩ ላይ ነኝ። ዝም ብል እኮ ማንም አያውቅብኝም። ግን ልጅቱ በእጄ ሞተች ብላ ልትተወው ነው።

አርብ ከሰዓት መጣች። ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ወደ ሳጥኑ ሄዳ ቆመች።

"በእጄ..." ስትል አላስጨረስኳትም።

"በእጅሽ አይደለም ልጄ፣ በኔ ጭስ ነው። ሙጫው ሸተተኝና በወይራ አጠንኩት። አንቺ የለሽበትም።"

ቦርሳዋን እንደያዘች ክፍሏ ገብታ በሩን ዘጋች። ራት ይዤላት ብሄድ "አልበላም" አለችኝ ከውስጥ። እማማ አላለችኝም፤ እሱ ነው የቆረጠኝ።

ጠዋት ማንጎው ሥር አገኘኋት። ትንሿን ቡናማ ራሷ ይዛ ጣሳ ውስጥ አድርጋታለች፤ እንደ ልጅነቷ አልጮኸችም። በሌላው እጇ ከቡርቱካን ሱቅ ያመጣችውን ረጅም የከረሜላ ጠርሙስ ዘረጋችልኝ።

"እማማ፣ ይኼን ይጠቡልኝ።"

"እኔ?"

"አንቱ ነዎታ። በውሃ ብቻ ነው ታዲያ!"

ሦስት ጊዜ አጠብኩት፤ ደረቀ ብዬ አሸተትኩት፤ አላመንኩም፣ አራተኛ አጠብኩት። ከማንጎው አዲስ ቅርፊት ቆርጠን አቆምንበትና ትንሿ ገባች። ቅርፊቱን መውጣት ጀመረች፤ ወጣች፤ አልወደቀችም። እኔ ግን እስኪመሽ ከጠርሙሱ አጠገብ አልተነሳሁም።

እናንተም ልጆቼ፣ ለሌላው ቸር ለመሆን እጃችሁ ሲቸኩል፣ ያቺን ባለ ነጭ ቀለበት ሸረሪት አስቡልኝ።