የደበላ መላጫ

የደበላ አርባ በወጣበት ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ ላፍቶ በሚገኘው ግቢው የነበሩት ባለቤቱ ገዲሴ፣ ታናሽ ወንድሙ በንቲ፣ በድንኳኑ ውስጥ ካህናቱን ከብበው የተቀመጡ ጎረቤቶች፣ እንዲሁም ማንም ያልጠራው አስረስ ነበሩ። አስረስ የግቢውን በር አልፎ ገና ሁለተኛ እግሩን ሳያስገባ ገዲሴ ክንዱን ለቀም አደረገችው።

"እስካሁን የት ቆየህ? ሰውዬው ሳይላጭ ምሳ ሊቀርብ ነው እኮ!"

"እኔ እንኳ እትዬ... ስለ መላጫው ነበር..."

"መላጫ ሞልቷል። የደበላ ዕቃ እንዳለ ነው። ና ግባ!"

አስረስ ተከትሏት ገባ። ድሮም ቢሆን ሰው ጮክ ብሎ ሲያናግረው አፉ የሚተሳሰርበት ልጅ ነው።

አስረስ ጎፋ ውስጥ በሱልጣን ፀጉር ቤት ልጆችና ጎረምሶችን በቶንዶስ ይከረክማል። ሐሙስ ዕለት ሱልጣን ወደ ጥግ ጠርቶት፣ "ሽማግሌ ደንበኞቼ ቶንዶስ ፊታቸው ላይ ሲያጓራ አይወዱም። እንደ ሰንጢ የሚታጠፈውን መላጫ ይፈልጋሉ። ሰኞ የራስህን ይዘህ ና፤ አለዚያ ወንበሩን ለሌላ ሰው እሰጣለሁ" አለው። "አዲስ እንዳትገዛ ታዲያ፤ የዛሬ ብረት አይረባም።"

አሮጌ መላጫ እንዴት እንደሚመረጥ አስረስ በየሄደበት ጠየቀ። አንዱ፣ "በጥፍርህ ስትመታው እንደ ቃጭል ካልጮኸ ተወው" አለው። ሌላው፣ "ጩኸት ምን ያደርግልሃል? አንድ ፀጉር ንቀልና አስነካው፤ ካልቆረጠ አትግዛ" አለው። ሦስተኛው ደግሞ፣ "ስለታም ሆኖ ካየኸው ሽሽ! ሞርደው ሞርደው የጨረሱትን ነው የሚሸጡልህ" ብሎ የቀረችውን ልብ አወለቀበት። በመጨረሻ አንድ ደንበኛ ላፍቶ ውስጥ ደበላ የሚባል ፀጉር አስተካካይ መሞቱንና ዕቃው እቤቱ መቀመጡን ነገረው። መቼ እንደ ሞተ አልነገረውም፤ አስረስም አልጠየቀም።

በንቲ በረንዳው ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ፎጣ አንገቱ ላይ ጣል አድርጓል። ከቀብሩ ቀን ጀምሮ ምላጭ ያልነካው ጢሙ ጉንጩን ሸፍኖ አንገቱ ላይ ወርዷል። ሽማግሌዎቹ፣ "አርባው ወጥቷል፤ ሐዘኑን አውልቅና ና ብላ" ብለውታል። ዕድሜውን ሙሉ የላጨው ወንድሙ ነበርና ሌላ ሰው ቢያስጠራም የተጠራው ሰው ቀርቷል።

ገዲሴ የቆርቆሮ ሳጥን አምጥታ ከፈተችለት። ሁለት መላጫዎች ተኝተዋል፤ የአንዱ እጀታ ጥቁር ቀንድ፣ የሌላው ነጭ አጥንት የመሰለ።

"የትኛው ይሻልሃል?"

አስረስ ጥቁሩን በጥፍሩ መታው። ጮኸ። ነጩን መታው። እሱም ጮኸ። ከራሱ ላይ ፀጉር ነቅሎ በሁለቱም ሞከረ፤ ፀጉሩ ተጣጠፈ እንጂ አልተቆረጠም። ስለታም ናቸው እንዳይል አልቆረጡም፤ ዱልዱም ናቸው እንዳይል እንደ መስታወት ያበራሉ።

"የትኛው ነበር የሚሠሩበት እትዬ?"

"እኔ ምን አውቄ! ብረት ብረት ነው።"

"አንተ ልጅ፣ ሚስት የምትመርጥ አስመሰልከው እኮ" አለ በንቲ። "አንዱን አንሳና ጀምር።"

አስረስ ሁለቱንም የፈላ ውሃ ውስጥ ነከራቸው። ራዲዮው በምላጭ ስለሚተላለፈው በሽታ በነጋ በጠባ ስለሚናገር ይህን አንዱን ነገር እንኳ በደንብ ያውቃል። የበንቲን ፊት ሳሙና ቀባ። ጥቁሩን መላጫ ዘረጋና ወደ ጉንጩ አስጠጋ። መለሰው። እንደገና አስጠጋ።

"ጋሼ፣ የተጠራሁት ሰው እኔ አይደለሁም" አለ።

"ታዲያ ማን ነህ?"

"መላጫ ልገዛ ነው የመጣሁት። በዚህ ነገር ሰው ላጭቼ አላውቅም።"

ገዲሴ የያዘችውን የውሃ ጣሳ ቁጭ አደረገች። "ልትገዛ? ዛሬ? ካህናቱ ገና እጃቸውን ሳይታጠቡ የሟች ዕቃ ልትገበያይ መጣህ?"

"አርባ መሆኑን አላወቅሁም እትዬ..."

"ድንኳኑን አላየኸውም?"

"ሰርግ መስሎኝ ነበር።"

በንቲ ሳሙናውን ከአፉ ላይ እስኪተፋው ድረስ ሳቀ። "ሰርግ! አይ ደበላ፣ ይቺን ሳትሰማ ሞትክ!"

"ቀስ በል፣ ሰው ምን ይላል?" አለችው ገዲሴ። ፊቷን ግን ወደ ግድግዳው አዙራ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች።

አስረስ መላጫውን አጥፎ ወደ ሳጥኑ ሊመልስ ሲል በንቲ እጁን ያዘው።

"ወዴት ነው? ሳሙናው ሊደርቅብኝ ነው።"

"አልችልም ጋሼ።"

"ደበላስ ሲጀምር ይችል ነበር?" በንቲ ጆሮው ሥር ያለውን ጠባሳ አሳየው። "በግራ እጅህ ቆዳዬን ወጥር። መላጫውን አታስተኛው፤ አታቁመውም።"

አታስተኛው፣ አታቁመውም። አስረስ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ሊጠይቅ አስቦ ተወው። መጀመሪያ ጢሙን በመቀስ አሳጠረለት፤ ይህንንስ አያጣውም። ከዚያ እንደገና ሳሙና ቀብቶ ጥቁሩን መላጫ ቢጎትተው በንቲ፣ "እሾህ ነው የምትነቅለው?" አለ። ጥቁሩን አስቀምጦ ነጩን አነሣ። ነጩ እንደ ደረቅ ቅጠል ኮሽ እያለ ወረደ፤ ከኋላውም ንጹሕ ቆዳ ታየ። ለምን ያኛው እምቢ ብሎ ይኼኛው እሺ እንዳለ አልገባውም። ቀኝ ጉንጭ፣ ግራ ጉንጭ፣ ከንፈር። አገጩ ላይ አንድ ቦታ ደም ጠብ አለ፤ ገዲሴ ጥጥ ለጠፈችበት።

"በንቲ! አንተን ብቻ ነው የምንጠብቀው!" የሚል ድምፅ ከድንኳኑ መጣ።

በንቲ ራሱን ወደ ኋላ ጥሎ ጉሮሮውን ሰጠው። ከሳሙናው ሥር የደም ሥሩ ብድግ ቁጭ ይላል። አስረስ መላጫውን አስጠጋ። እዚህ ላይ ካቆመ ገዲሴን ሽጪልኝ የሚልበት አፍ አይኖረውም፤ ሰኞም ወንበሩ የሌላ ሰው ነው። አውራ ጣቱን ጉሮሮው ላይ አሳርፎ ቆዳውን ለመወጠር ሞከረ። ቆዳው እየተንሸራተተ አስቸገረው። እንዴት ይያዝ? ከላይ ወደ ታች ነው ወይስ ከታች ወደ ላይ?

በንቲ ዓይኑን እንደጨፈነ ይጠብቃል።

አስረስ መላጫውን አጠፈው።

"አንገትዎን አልነካም ጋሼ። ይኼን አልችልም።"

"ግማሽ ላጭተህ ልትተወኝ?"

"እንዲሁ ይቅር።"

በንቲ በመዳፉ ጉሮሮውን ዳሰሰ። "ፍየል አደረግኸኝ እኮ!" ብሎ ሳሙናውን በፎጣው ጠረገና ተነሣ።

ገዲሴ ሁለቱን መላጫዎች አየች፤ አስረስን አየችው። ነጩን አደራርቃ በጨርቅ ጠቀለለችና መዳፉ ላይ አስቀመጠችለት።

"ዛሬ ዋጋ አልጠራም" አለችው። "ይዘኸው ሂድ፤ ለዋጋው ማክሰኞ ተመለስ። አሁን ግባና እህል ቅመስ።"

በንቲ የአንገቱን ጢም እንደያዘ ድንኳን ገብቶ ከካህናቱ ጎን ተቀመጠ። አስረስም በሩ አጠገብ ቦታ ተለቀቀለትና ምሳ በላ።