ያልተመዘገበ ቁጥር

ያርጋል የደባርቅን ገበያ አለማመኑ ያለ ምክንያት አልነበረም። ከአምባ ጊዮርጊሱ ሸሪኩ ከአያ ያሕያ ጋር የቢራ ገብስ ሊገዙ በስልክ የተስማሙበት ዋጋ፣ እሱ ከሱቁ ሳይወጣ ተቀናቃኞቹ ጆሮ ይደርሳል። አንዱ “እስቲ ላንዴ ልደውልበት” ብሎ ስልኩን ይቀበልና መልእክቱን ያነባል። ሌላው ከማይታወቅ ቁጥር ደውሎ “የጃናሞራ ገበሬ ነኝ፣ በስንት ትገዛኛለህ?” እያለ ያወጣጣዋል። ያርጋልም ይነግረዋል። ሞኝ ልለው ይከብደኛል፤ ደግ ሰው ነው።

“ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ” አሉት አያ ያሕያ፣ ገብሱ በሌላ ሰው ከተገዛ በኋላ ሲንጨረጨር አይተው። በ2010 ዓ.ም. ጥር ላይ ከጎንደር ለእሱና ለራሳቸው ሁለት ስልክ ይዘው መጡ። እዚያ ካሜራው የሚያምር ሌላ ነበር። እሳቸው ግን የመረጡት በጣት አሻራ የሚከፈተውንና ቁልፉ የጠነከረውን ነው። የምታዘጋጅላቸው የወንድማቸው ልጅ ፈይዛ ነበረች፤ መናኸሪያው አጠገብ ስልክ ትጠግናለች።

ፈይዛ የያርጋልን አውራ ጣት አስነክታ መዘገበች፤ መልእክት ሲገባ ከላይ እንዳይነበብም አደረገች።

“ያልመዘገብከው ቁጥር ሲደውል ራሱ ይቁረጠው?”

“ይቁረጠው። እስቲ እኔም እፎይ ልበል።”

“ጋሽ ያርጋል፣ ባለቤትህ ደርሳለች አሉ። የቤተሰቦቿን ቁጥር አስገብተሃል?”

አስገብቷል። ሚስቱ እየሩስ የበኩር ልጇን ልትወልድ እንደ ወጉ እናቷ ቤት ሄዳለች፣ ከደረስጌ ራቅ ያለች መንደር። ያንን ዳገት ከያርጋል አይሱዙ በቀር ደፍሮ የሚወጣ መኪና አይገኝም። ሲሸኛት “ምጥሽ ጀመረ ሲሉኝ ጭነቱን ጥዬ እመጣለሁ፣ ጤና ጣቢያ አደርስሻለሁ” ብሏታል። ቤት ውስጥ ስልክ ያለው ወንድሟ ሀብተ ሚካኤል ብቻ ነው፤ የእሱን ቁጥር መዘገበ።

የዘነጋው ሁላችንም የምናውቀውን ነገር ነው። በዚያ አገር ስልክ የአንድ ሰው ብቻ አይደለም። መብራት የለም። የአንዱ ባትሪ ሲያልቅ የሌላው ይለመናል፤ ኔትወርክ ፍለጋ ጉብታ ላይ ይወጣና በተገኘው ይደወላል። ያርጋል ራሱም ስንቴ እንዲያ ደውሏል። ስልኩን ያስቆለፈ ዕለት ግን ነጋዴነቱ ብቻ ነበር ትዝ ያለው።

በገበያው ቀን ስልኩ ከአያ ያሕያ በቀር ለማንም አልጮኸም። ገብሱን ባሰቡት ዋጋ ገዙት፤ ቀድሞ የሰማ አልነበረም። ከሰዓት በኋላ ያርጋል አይሱዙውን እያስጫነ ይስቅ ነበር።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ በሩን ሲከፍት ሽማግሌዎች ቆመው አገኘ። በዚያ ሰዓት ሽማግሌ ለምን ተሰብስቦ እንደሚመጣ ልጅም ያውቃል። ስሟን ሳይጠሩለት እደጁ ላይ ተቀመጠ። ልጁም አልተረፈም።

ከቀብር መልስ ለቅሶው ቤት አንድ የማያውቀው ገበሬ አጠገቡ መጥቶ ተቀመጠ። ፀጋው ይባላል፣ የእየሩስ እናት የእመት አረጋሽ ጎረቤት ነው።

“ስደውልልህ የዋልኩት እኔ ነኝ” አለው። “የሀብተ ሚካኤል ስልክ ባትሪው አልቆ ነበር። በእኔ ስልክ ከጉብታው ሆኜ ብደውል ብደውል ይቋረጥብኛል። እመት አረጋሽ ‘ምን አለ?’ እያሉ ሰው ይልኩብኛል።”

“ምን አልካቸው?”

“ምን ልበል ወንድሜ። እየመጣ ነው አልኩ።”

ያርጋል ቀና ብሎ አየው።

“እሷም ሰማች። መኪናው ሲመጣ ድምጹ ይሰማኝ ብላ በሩን አስከፈተች። ብርድ ይገባብሻል ቢሏት እምቢ አለች። እስክታርፍ ድረስ አላዘጋችውም።”

ያርጋል ስልኩን ከኪሱ አወጣና በአውራ ጣቱ ከፈተው።

“ቁጥርህን ንገረኝ” አለው።

ፀጋው ነገረው። ያርጋል መዘገበው።