ከራህማ እጅ

ሰዑድ ዝናብ ሊያመልጥ ሲሮጥ፣ አርዲቦ ሐይቅ ዳር ካለው ማሳው ጫፍ ላይ ወድቆ ሞተ። ገና ጎልማሳ ነበር፤ ታሞ አያውቅም። እናቱ መስኡዳ ከቀብር መልስ ምራቷን ራህማን አንድ ነገር ብቻ ጠየቀቻት።

«ጠዋት ምን ነበር የበላው?»

«ቂንጬ፣ እማ። አብረን ነው የበላነው።»

መስኡዳ አላመነቻትም። ከዚያ ወዲህ ሴት ልጇን ሀኒያን ከራህማ እጅ ውሃ እንኳ እንዳትቀበል ከለከለቻት። ራህማ ጓዳ ስትገባ መስኡዳ ተከትላ ትገባለች፤ ድስቱን ከፍታ ታሸታለች። መንደሩም ማንሾካሾክ ጀመረ። ራህማ ወላጆቿ ወዳሉበት ወደ ውጫሌ ልትሄድ አስባ ነበር፤ ሕፃኗን ኡበይድን ይዛ ብትወጣ ግን «ሸሸች» ማለታቸው አይቀርም። ስለዚህ ቀረች።

አንድ ጠዋት ደጃፋቸው ላይ የባጃጅ ጎማ ፈነዳ። ሀኒያ ደንግጣ ተዘረረች። ራህማ ሮጣ አቀፈቻት።

«አትንኪያት!» ብላ ጮኸች መስኡዳ።

ሀኒያ ትንሽ ቆይታ ነቃች። ሦስቱም ሕፃኑን ይዘው ደሴ ሆስፒታል ሄዱ። ሐኪሙ የሀኒያ ደረት ላይ ሽቦ ለጥፎ የልቧን ምት በወረቀት አነሳ፤ በአልትራሳውንድም አየው።

«የልቧ ጡንቻ ደም ለመግፋት ጉልበት አለው» አላቸው። «ግን ከተኮማተረ በኋላ ለመላላት ይዘገያል። ዋናው ችግር ምቱን የሚያዘው ኤሌክትሪክ ላይ ነው። ስትደነግጥ ወይም ስትሮጥ ሊዘበራረቅ፣ ሊገድላትም ይችላል። በዘር የሚወረስ ነው። ከቤተሰቡ በድንገት የሞተ አለ?»

መስኡዳ ራህማን በጎን አየቻት። «መርዝስ እንዲህ አያደርግም?»

«እማ» አለች ሀኒያ ከተኛችበት፣ «እኔ ከሷ እጅ ምን ቀምሻለሁ?»

«ወንድሜ ሐይቁ ውስጥ ሲዋኝ ቀረ» አለች መስኡዳ። «በዋና የሚያህለው አልነበረም። ውሃው ወሰደው አልን።»

እሷም ተመረመረች። ምልክቱ እሷም ላይ ተገኘ፤ ኡበይድም ላይ። ሐኪሙ ለሁሉም በየቀኑ የሚወሰድ ኪኒን አዘዘ።

ከሆስፒታሉ ሲወጡ መስኡዳ የራህማን ክንድ ያዘች። «አፉ በይኝ፣ ልጄ። ከኔ ነው የወጣው።»

«በሽታውን ማን ፈልጎ ያወርሳል፣ እማ?» አለች ራህማ። «ስሜን ግን እርስዎ አውቀው ነው ያጠፉት።»

በሳምንቱ ልጇን ይዛ ውጫሌ ገባች። መስኡዳ በገበያ ቀን እየሄደች የልጅ ልጇን ታያለች። ራህማ ወንበር ታቀርብላታለች፤ ብዙ ግን አያወሩም።